ይድረስ ለወንድሜ ለሚኪያስ፦ ለግንቦቱ ጉዞ ስለምትገዛው ስሊፒንግ ባግ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሚኪያስ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ያህል ዓመት ተጠፋፍተን ከርመን፣ የላክኸው መልእክት የኑሮህን ወሬ አልፎ በቀጥታ ስለ መኝታ ዕቃ መጠየቁ ያው የድሮው ሚኪያስ መሆንህን ነገረኝ። የሆድ የሆዳችንን ስንገናኝ እናወጋዋለንና አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስልህ።

በግንቦት አጋማሽ ከዳላስ መጥተህ፣ ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን በቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ጥቂት ሌሊት በድንኳን ልናድር መወሰንህ በጣም አስደስቶኛል። ሆኖም ሻጩ የመረጠልህ ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት፣ 0 ፋራናይት የተጻፈበት መሆኑን ሳነብ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ ተቻኮልሁ። 0 ፋራናይት በሴልሺየስ ሲመነዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው፤ ያ ዕቃ የተሰፋው በረዶ ላይ ለሚያድር ሰው ነው። ብርድ እንደማትችል አልረሳሁም፤ ነገር ግን ከልክ በላይ የሚያሞቅ ስሊፒንግ ባግ ክብደቱ ቀኑን ሙሉ ትከሻህ ላይ ይውላል፣ ሌሊት ደግሞ በላብ ያጠምቅሃል፤ ላቡም በውስጡ የተሞላውን ላባ ያረጥበዋል።

የምንሄድበትን ቦታ ልንገርህ። ፓርኩ የተዘረጋው በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ተራራው ከሸለቆው ይልቅ በአማካይ 10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በስልክህ በሸለቆው ያለችውን የሉሬይን ከተማ ትንበያ አይተህ እንዳትዘናጋ፣ ከዚያ ላይ 10 ቀንስ። በግንቦት ሌሊቱ ወደ 40 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 4 ሴልሺየስ ቢወርድ አያስደንቅም፤ ከዚያም ዝቅ የሚልበት ቀን አይጠፋም። እንግዲህ የምትፈልገው በ0 ሴልሺየስ አካባቢ ተመችቶህ የምትተኛበትን፣ ክብደቱም ከ800 ግራም የማይዘለውን ነው።

ይህን ስትፈልግ በዕቃው ስም ላይ በትልቁ የሚታየውን ቁጥር ብቻ አትመን። አውሮፓውያን በ2002 ኢኤን 13537 የሚባል የፍተሻ ደንብ አውጥተው ነበር፤ ዛሬ ቦታውን አይኤስኦ 23537 ይዞታል። በፍተሻው ሙቀት የሚያመነጭ ሰው መሳይ አሻንጉሊት ረጅም የውስጥ ልብስና ካልሲ ለብሶ፣ ፍራሽ ላይ ሆኖ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይተኛል፤ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያመልጠው ይለካል። ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። ኮምፈርት የሚባለው አንዲት መካከለኛ ቁመና ያላት ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት ነው፤ ሊሚት የሚባለው ደግሞ አንድ መካከለኛ ቁመና ያለው ወንድ ተኮራምቶ፣ ግን ሳይንቀጠቀጥ የሚያድርበት ነው። ሦስተኛውን፣ ኤክስትሪም የሚሉትን፣ ከነጭራሹ እርሳው፤ እሱ በሕይወት ስለ መትረፍ እንጂ ስለ እንቅልፍ አይናገርም። ለወንዶች በሚሸጡት ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ሊሚቱ የተጠጋ ሲሆን፣ በኮምፈርትና በሊሚት መካከል ያለው ልዩነት 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው። አንተ በዳላስ ሙቀት የለመድህ ሰው ስለሆንህ በኮምፈርቱ ግዛ።

አሁን ብዙ ሰው ገንዘቡን ወደሚያፈስበት ነገር ልምጣ፤ ዳውን ወደሚሉት ከዝይና ከዳክዬ ደረት ወደሚገኘው አገዳ የሌለው ለስላሳ ላባ። የሚያሞቀን ላባው ራሱ ሳይሆን በመካከሉ ታግቶ የሚቆየው አየር ነው፤ ስለዚህም ጥራቱ የሚለካው ሲፍታታ በሚይዘው ቦታ ነው። ፊል ፓወር 850 ሲባል አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ላባ፣ 850 ኪዩቢክ ኢንች ይሞላል ማለት ነው፤ ይህም ወደ 14 ሊትር ይጠጋል። 650 የተባለው በዚያው ክብደት ከ10 ሊትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ሻጮች ይህን ቁጥር የሙቀት መለኪያ አድርገው ያወራሉ፤ ነገር ግን ላባው ስንት ግራም እንደሆነ ካልተነገረህ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ሙቀት ምንም አይነግርህም። ጥቂት 900 ካለበት ይልቅ በርከት ያለ 650 ያለበት ሊሞቅ ይችላል።

እስቲ አብረን እናስላው። ለእኛ ዓይነት አየር 300 ግራም ባለ 850 ላባ ይበቃል እንበል። ያንኑ መጠን አየር በ650 ለመያዝ 392 ግራም ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ 92 ግራም ብቻ ነው። 900 ግራም ላባ በሚጠይቀው የክረምት ስሊፒንግ ባግ ላይ ግን ልዩነቱ 277 ግራም ይሆናል። ውዱ ላባ ዋጋውን የሚመልሰው ብዙ ላባ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው፤ ለለዘብተኛ አየር በሚገዛ ቀላል ዕቃ ላይ ግን ዋጋው በእጅጉ ይጨምርና የምትሸከመው የሚቀንስልህ ከሁለት እንቁላል በማይበልጥ ክብደት ነው። እኔ ብሆን 650 ወይም 700 ገዝቼ የተረፈውን ገንዘብ ለፍራሽ አውለዋለሁ። ወንድሞቻችን በመኪና እንደሚፎካከሩት በግራም የሚፎካከሩ ተጓዦች በዚህ አይስማሙም፤ ይሁን።

ስፌቱንም ተመልከት። አንዳንዶቹ የውጪና የውስጥ ጨርቃቸው በቀጥታ አንድ ላይ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ባለፈበት መስመር ላባ ስለሌለ ብርድ ይገባል፤ ለእኛ ጉዞ ግን ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ክብደትና ዋጋ ይቀንሳል። ሌሎቹ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ቀጭን የመረብ ግድግዳ ስላላቸው ላባው በሁሉም ቦታ እኩል ያብጣል። እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ያለው ሲሆን፣ ላባው የተሞላባቸው ክፍሎች ከደረት እስከ ጀርባ ሳይቋረጡ ይዞራሉ። ሌሊቱ ሞቃት ሲሆን መሬት ላይ ዘርግቼ ከላይ ያለውን በመዳፌ ቀስ ብዬ መታ መታ እያደረግሁ ላባውን ወደ ጎንና ወደ ሥር እገፋዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከሥር ወደ ደረት እመልሰዋለሁ። አንዱ ዕቃ ለሁለት ዓይነት ሌሊት ያገለግላል ማለት ነው። ሱቅ ስትገባም ከከረጢቱ አስወጥተህ በደንብ አራግፈው፤ ጥቂት ቆይተህ ወደ መብራት አንሣውና ብርሃን ጎልቶ የሚያልፍበት ባዶ ክፍል ካየህ ተወው። ጨርቁን በጣቶችህ ጨብጠህ ጠንካራ የላባ አገዳ ከወጋህም እንዲሁ።

ስለ ቅርጹ ስናወራ የስድስት ኪሎው ዶርም ትዝ ይለኛል፤ ሌሊት ስትገላበጥ ብርድ ልብስህን ረግጠህ መሬት ላይ ታወርደው ነበር። እግር በኩል ጠበብ፣ ራስ በኩል ኮፍያ ያለው ማሚ የሚባለው ቅርጽ ሙቀት ይቆጥባል፤ ግን ለአንተ ዓይነት ተገላባጭ እስር ቤት ነው። ትከሻው ላይ ከጠበበህ ደግሞ ሰውነትህ ላባውን ከውስጥ ስለሚጨፈልቀው ይበርድሃል። ኩዊልት የሚባለው ከሥሩ ክፍት የሆነ ምርጫም አለ፤ ከሥርህ የሚሆነው ላባ በክብደትህ ተጨፍልቆ ስለማያሞቅ እሱን ከነጭራሹ ትተውታል። ቀላል ነው፤ ነገር ግን በተገላበጥህ ቁጥር በጎን ነፋስ ይገባልና ላንተ አልመክርም። ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ዚፑ እስከ እግር የሚወርድ፣ ከዚፑ ጀርባ ላባ ያለበት የንፋስ መከላከያ የተሰፋለት ይሁንልህ።

ፍራሽ ያልሁህን እንዳትንቀው። ከሥር የሚመጣውን የመሬት ብርድ ስሊፒንግ ባጉ አይከለክለውም፤ የሚከለክለው ፍራሹ ነው፤ አቅሙም አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ለግንቦት ከ2 እስከ 3 ያለው ይበቃል። የሚታጠፈው የስፖንጅ ፍራሽ 2 አካባቢ ሲሆን አይፈነዳም፤ የሚነፋው ይመቻል፤ በጎንህ ለምትተኛው ለአንተ የሚነፋው ይሻላል።

«ካነሰ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ እደርባለሁ» ያልኸውን አንብቤ ስቄአለሁ። ጋቢ ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን አቻ የለውም፤ ነገር ግን አራት ድርብ ጥጥ ነውና ይከብዳል፣ የብሉ ሪጅን ጉም ከጠጣ በኋላም ቶሎ አይደርቅም። በእሱ ፈንታ ደረቅ ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያና ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ረጅም የውስጥ ልብስ ያዝ፤ ጋቢውን ከጉዞው መልስ እኔ ቤት ለብሰኸው ቡና እንጠጣለን።

ዳውንም ቢሆን ጠላቱ ውኃ ነው፤ ሲረጥብ ተጣብቆ ይሟሽሻል። ውኃ እንዳይመጥ የታከመ ላባ አለ፤ ለጤዛ ይረዳል፤ ዝናብን ግን አይችልም። ቦርሳህን ከውስጥ በወፍራም የቆሻሻ ፕላስቲክ ሸፍነህ ስሊፒንግ ባጉን በዚያ ውስጥ ክተተው። ቤት ስትመለስ ጠቅጥቀህ አታስቀምጠው፤ በሰፊ ከረጢት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ይክረም። ባለቤትህ ስለ ዝይዎቹ ደኅንነት የጠየቀችውም ተገቢ ነው፤ ከ2014 ጀምሮ አርዲኤስ የሚባል ምስክርነት አለ፤ በሕይወት ሳሉ ላባቸው ካልተነጨና በግድ ካልተመገቡ ወፎች የመጣ መሆኑን ያረጋግጣል። ያ ምልክት ያለውን ፈልግ።

የሚያስጨንቅህ ክብደቱ ብቻ ከሆነና ገንዘቡም ካለህ፣ የካሊፎርኒያው ዌስተርን ማውንቴኒሪንግ የሚሰፋው ሰመርላይት ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይዘልም፤ የሲያትሉ ፌዘርድ ፍሬንድስም ስመ ጥር ነው። ሁለቱም ግን ከላይ ያልሁህን 92 ግራም ለመቀነስ የሚከፈለው ዋጋ አለባቸው።

ድንኳኑንና ምድጃውን እኔ እይዛለሁ፤ በዱር ለማደር የሚያስፈልገውን ፈቃድም እኔ አወጣለሁ። አንተ ያየሃቸውን ስሊፒንግ ባጎች የኮምፈርት ቁጥር፣ የላባውን ግራምና የትከሻውን ስፋት ጽፈህ ላክልኝ፤ ፎቶ አልፈልግም። ያንን የሻጩን ዕቃ ወስደኸው ከሆነም ሳትጠቀምበት ከነምልክቱ መልሰው።

ለመላው ቤተሰብህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ ሰሎሞን
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ