አውራ በግ የሥራ ልምድ አይጠየቅም

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያዋን የሥራ ዓመት ማን ይሰጠናል?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቷ አይደለሁም፤ ተቀጣሪ ነኝ። በትምህርቴ ግን የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ። እናቴ መንዝ ውስጥ ሰው ሲጠይቃት «ልጄ ቢሮ ናት» ትላለች። አልዋሸችም፤ ወረቀት የበዛበት ቤት ነው።

የተመረቅሁት በ2015 ነው። የመውጫ ፈተና በሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነበርን። ከመቶ 50 ያላመጣ አይመረቅም ተባለ። ወሬው ራሱ ሌሊት እንቅልፍ ነሳን። አለፍኩ። ከዚህ በኋላ «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይኖርም ብዬ ነበር። እውነትም «ትችያለሽ ወይ?» ያለኝ የለም። የሚጠይቁኝ «ስንት ዓመት ሠርተሻል?» ብቻ ነው።

ኮፒ ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ሲለጠፍ ወጣቱ በስልኩ ፎቶ ያነሳና ወደ እኛ ይመጣል። ቴምፖ (ጊዜያዊው ዲግሪ)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ መታወቂያ። ሁሉም ኮፒ ይደረጋል። በሚቀጥለው ማስታወቂያ ያው ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ያስገባው ኮፒ አይመለስለትማ። የብዙዎቹ ስም ይጠፋኛል፣ ውጤታቸውን ግን አውቀዋለሁ። አንድ ሲቪል መሐንዲስ አለ፣ 3.4 ነው። ባጃጁን ውጭ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፒ አስደርጎ ይሄዳል። የእኔን ወረቀት በነጻ ነው የማባዛው። ሥራዬ ጥቅማ ጥቅም የለውም አይባልም።

ማስታወቂያውን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ተፈላጊ የሥራ ልምድ 2 ዓመት።» አንዳንዴ 4። «ዜሮ ዓመት» የሚል ከወጣ ደግሞ ሰሌዳው ሥር መቆሚያ ይጠፋል። ለአንድ ዜሮ ዓመት ቦታ ተመዝግቤ ለፈተና ስሄድ ግቢው ሞልቶ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ «ፈተናው ወደፊት በሚገለጽ ቀን ይሰጣል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገም ማመልከቻ አስገባበት ይሆናል። ያ ቀን እስካሁን አልተገለጸም።

እኔ የምኖረው እዚሁ ከተማ ነውና ይቀለኛል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚመጣው ልጅ ግን የትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ አለበት። ይህ ሁሉ ስሙን ለማስጻፍ ብቻ ነው። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። አንዱ የመመዝገቢያው ቀን ባለፈ በማግስቱ ደርሶ እኛ ቤት ቁጭ አለ። ሻይ አዘዝኩለት። ሌላ ምን ላድርግ?

አሁን ስለ በግ ላውራ። የተማርኩት እሱን ነው፣ አትታዘቡኝ።

በመንዝ፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ገበሬው ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ የበጉን ዝርያ በማኅበር ማሻሻል ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግልገሉ ሲወለድ ይመዘናል። ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል። ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና ይመዘናል። ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። መዝገቡን ያያሉ፤ ቁመናውን፣ ቀለሙንና ላቱን በዓይናቸው ይገመግማሉ። የተመረጠው ጠቦት አውራ ሆኖ ለመንደሩ በጋራ ያገለግላል። ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል ወይም ገበያ ይወጣል።

እዚያ ስብሰባ ላይ «ይህ ጠቦት ከዚህ በፊት የት የት ወልዷል? የድጋፍ ደብዳቤ ያምጣ» የሚል ሰው የለም። ቢኖር ይሳቅበታል። ያለውን መዝግበው፣ በዓይን አይተው፣ ቦታውን ሰጥተው ነው የሚያውቁት።

ልምድ የለኝም ማለት ግን አይደለም። አባቴ ይደውልልኛል። በግ ሲያስለው፣ እናቲቱ ግልገሏን አላጠባ ስትል፣ ጎረቤት ለመኖ ፋጉሎና ፉሩሽካ ስንት ለስንት ልቀላቅል ሲል፣ የሚደወለው ለእኔ ነው። የእንስሳት ሐኪምና የእንስሳት ሳይንስ ባለሙያ እንደሚለያዩ አንድ ቀን ለአባቴ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው አዳምጦኝ «እና ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ነበር?» አለኝ። ለማንኛውም በእኔ ቀመር የተቀለበ ሙክት ለፋሲካ ጥሩ ዋጋ አውጥቷል። ግን ማኅተም የለውም። ማኅተም የሌለው ደግሞ በእናንተ ቋንቋ ልምድ አይባልም።

«ሥራ አትጠብቁ፣ ሥራ ፍጠሩ» የሚለውንም ሰምተናል። ሞክረነዋል። አራት ሆነን በግ ለማድለብ ተደራጀን። ከተማው ውስጥ ቢራ ፋብሪካ ስላለ የብቅል ተረፈ ምርት ይገኛል፤ የመኖ ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ብድር ስንጠይቅ ዋስ አምጡ ተባልን። ዋሱ ቋሚ ደመወዝ ያለው መሆን አለበት። እንግዲህ አስቡት፤ ደመወዝ ስለሌለን ነው የተደራጀነው፣ ለመደራጀት ደግሞ ደመወዝተኛ መፈለግ ነበረብን። አንዷ አጎቷን ለመነች። አጎቷ ለሌላ ሰው ዋስ ሆነው ነበር። እዚያ ላይ ተበተንን።

የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ቅጥር በእናንተ እጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለተመረቀ ሁሉ ቢሮ ይሰጠው አላልኩም፤ በጀቱም ቦታውም እንደማይበቃ ይገባኛል። ግን «ክህሎት» የሚለው ቃል ስማችሁ ላይ አለ። የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኝ ድርጅት ገብቶ የትብብር ሥልጠና ይወስዳል፤ በመጨረሻም በሲኦሲ፣ በሙያ ብቃት ምዘናው፣ እጁ ይመዘናል። ለዲግሪ ምሩቅ እንዲህ ያለ በር ለምን አይኖርም? ቀበሌ ላይ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሥር አንድ ዓመት ልሥራ። የትራንስፖርት ብቻ ይከፈለኝ። ባለሙያውም ገበሬውም ይመዝኑኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ወረቀት በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አንድ ዓመት ተብሎ ይቆጠርልኝ። ይህን ከሲቪል ሰርቪሱና ከክልሎቹ ጋር ተነጋግሮ ማስወሰን የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

በዚያው ቢቻል ምዝገባው በስልክ ወይም በየወረዳው ይሁን። የፈተና ውጤትም ከነስሙ ይለጠፍ። ወድቄም ከሆነ መውደቄን ልወቀው። የኮፒ ቤቱ ገበያ ይቀንስ ይሆናል፤ ለአሠሪዬ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሰሌዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ወጥቷል። የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፣ ብዛት 1፣ ልምድ 2 ዓመት። ምዝገባው አርብ ያበቃል። ሐሙስ እሄዳለሁ። የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ የዚህን ደብዳቤ ኮፒ አያይዛለሁ። ዋናው ለእናንተ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ