መብራት የጠፋበት ፊልም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከምድር አሸዋ ከሰማይ ኮከብ ይብዛልህ። ሰባተኛ ክፍል ሳለን በየደብዳቤው አናት የምንደረድራት ይቺው ነበረች፤ ሌላ አጀማመር ባጣ ተመለስኩባት። ስድስት ዓመት ዝም ያልኩህ ጠልቼህ አይደለም። እማማ ሲያርፉ በስልክ "እግዜር ያጥናህ" ብቻ ብዬ፣ ለአርባቸው እመጣለሁ አልኩ፤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ልደውል ባነሳሁ ቁጥር የምለው እየጠፋኝ ወሩ ወር እየወለደ እዚህ ደረስን። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ ያስጻፈኝ አንድ ፊልም ነው። በሬሳ ወንዝ አጠገብ የነበረችው ቪዲዮ ቤት ትዝ ትልሃለች? 50 ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚው ላይ ተጣብቀን እየተሟሟቅን ካራቴ የምናይባት? አንድ እሁድ የታሪክ አስተማሪያችን ካሴት ይዘው መጡና ባለቤቱን ለምነው ዴኩ ውስጥ አስከተቱት። የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"። ያውም ጥቁርና ነጭ! ብዙም ሳይቆይ "ካራቴ! ካራቴ!" ተባለ፤ ቤቱ በግማሽ ተራገፈ። አንተም ተነስተህ ነበር። ጋቢህን ጎትቼ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ።

ለምን እንደጎተትኩህ ያኔ ብትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው አብሮት ይውላል፤ አይቸኩልም። በዚያ ሳጥን ውስጥ ሰው በአማርኛ ሲቆጣ፣ ሲያርስ፣ ልጅ ከብት ስታግድ አይተን እናውቃለን እንዴ? በትምህርት ቤት እያመካኘን የምንሸሸው ሥራ እዚያ ፊልም ሆኖ ቁጭ ብሏል። ልጅቷ የጌታውን ላም ከደራሽ ውሃ ላድን ስትል ጎርፉ ሲወስዳት ደግሞ የቀረነው ሁሉ ትንፍሽ አላልንም፤ ሐምሌ ላይ የበሬሳን ድምፅ የማያውቅ ማን ነበረ? ወዲያው መብራት ጠፋ። ካሴቱም ዴኩ ውስጥ ቀረ።

መጨረሻውን መንገድ ላይ አንተ ጨረስከው፦ ጌታው አልቅሶ ለአባቷ ጥንድ በሬ ሰጠ። እኔ አባትየው አገር ጥሎ ጠፋ አልኩ። ማታ እሳት ዳር ስንከራከር አባቴ ሰምቶን "መንዝ ርስት እንጂ ጭሰኛ የት አለና?" ብሎ ፊልሙን ከነሠሪው ሰረዘው።

ባለፈው ወር ሙሉውን አገኘሁት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጌታው አያለቅስም። መሬቱን የተነጠቀው፣ እብድ የሚሉት ሰውዬ ይገድለዋል። ሁለታችንም አላወቅንበትም! ለካ ኃይሌ ያን ፊልም የቀረጸው የዘውዱ መንግሥት በሚፈርስበት ሰሞን፣ አሜሪካ ተማሪ ሳለ፣ ትወና ከማያውቁ ሰዎች ጋር፣ በሁለት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት! እኔ አንዱን የሠርግ ቪዲዮ ለማቀናበር ወር ይፈጅብኛል።

አዎ፣ ሠርግ ቀራጭ ሆኛለሁ። ጦሱ ግን አለቀቀኝም። ሙሽራ ሲጨፍር ትቼ ጓሮ እሄድና ወጥ የሚያማስሉትን እናቶች ስቀርጽ እገኛለሁ፤ ጭሱን፣ ዓይናቸውን በነጠላ ሲጠርጉ፣ ቀና ብለው ወገባቸውን ሲይዙ። በቀደም አንዱ ሙሽራ "የከፈልኩህ ለሚዜዎቼ ነው ለድስት?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን የድስቷን አላጠፋኋትም፣ አስቀምጫታለሁ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ጎንበስ ስትል እማማን ቁርጥ። አንገቷን፣ የሻሿን አስተሳሰር ብታየው። እሷን ደጋግሜ ሳይ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ለጥምቀት እመጣለሁ፤ መጀመሪያ መቃብራቸው ጋ ትወስደኛለህ። ፊልሙን በፍላሽ እይዛለሁ፣ ባትሪው የማያልቅ ላፕቶፕም አለኝ። አንተ የመንዙን ባና ከቁም ሳጥን አውጣልኝ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ረስቼዋለሁ።

ወንድምህ