አባባ፣ ስለዚያ ቀይ እንክብል

ለውድ አባቴ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እማዬ ደህና መሆኗን ትናንት ሰምቻለሁ። እኛም ደህና ነን፤ ልጆቹ ፈተና ጨርሰው ቤቱን እያመሱት ነው።

በስልክ ለኮሌስትሮል ብለው የሚውጧቸውን የቀይ ሩዝ እንክብሎች ነገር ባነሳሁ ቁጥር “ተይው ልጄ፣ ሩዝ እኮ ነው፣ ፎገራ ሞልቶ የለ!” ይሉኝና ወሬውን ወደ እንቦጩ ይወስዱታል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡልኝ አውቃለሁ።

ሩዝ ነው ያሉት ልክ ነው። ግን ሩዙን ሻጋታ ይዘሩበትና ያብላሉታል። ቀይ የሚያደርገው ሻጋታው ነው። ሲብላላ ሞናኮሊን ኬ የሚባል ነገር ይፈጠራል። ይህ ነገር ሎቫስታቲን ከሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር ፍጹም አንድ ነው። ተመሳሳይ ማለቴ አይደለም፤ ያው ራሱ ነው። ሎቫስታቲን አሜሪካ ውስጥ በ1987 በመድኃኒትነት ተፈቅዶ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።)

ማታ ማታ የሚውጡት አቶርቫስታቲንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ አባባ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት እየወሰዱ ነው። አንዱን ሐኪምዎ ለክቶ ያዘዘው ነው። ሌላውን የለካው የለም፤ ሐኪምዎም መኖሩን አያውቅም።

ለጥምቀት ስመጣ ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ባትዎን ሲያሹ አይቻለሁ። “እርጅና ነው” አሉኝ። ሊሆን ይችላል። ግን እነዚህ መድኃኒቶች ሲበዙ መጀመሪያ የሚነኩት ጡንቻ ነው፤ ጭንና ባት ያማሉ፣ ጉልበት ይከዳል። እርጅና ብለን የምናልፈው ነገር ከብልቃጥ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል።

ታዲያ መድኃኒት ከሆነ ለምን የምግብ ማሟያ ተብሎ ይሸጣል? ይሉኝ ይሆናል። ብልቃጡ በመጣበት በአሜሪካ በ1994 የወጣ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ ማሟያ የሚባለው ሁሉ ከምግብ ወገን ይቆጠራል። አምራቹ ገበያ ከማውጣቱ በፊት እንደሚሠራም ሆነ እንደማይጎዳ ለመንግሥት ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። መድኃኒት ግን ያን ፈተና ሳያልፍ አይሸጥም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ማሟያው ላይ የሚደርስበት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ብልቃጡን ገልብጠው ይዩት። ፊቱ ላይ ትልቅ የልብ ሥዕል አለ። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ምርቱ በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል እንዳልታሰበ ተጽፏል። እርስዎ ደግሞ የገዙት ለኮሌስትሮል ነው!

በዚሁ በቀይ ሩዝ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደውበታል። በ1998 ኤፍዲኤ አንዱን ምርት ያልተፈቀደ መድኃኒት ነው አለ። አምራቹ ከሰሰና መጀመሪያ ተፈረደለት። በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ሻረው። በምግብና በመድኃኒት መሀል ያለውን፣ ዳኞች እንኳ ያልተስማሙበትን መስመር እኛ ከብልቃጥ ላይ አንብበን እንዴት እንለየዋለን?

መጠኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2010 የወጣ ጥናት 12 ዓይነት የቀይ ሩዝ እንክብሎችን መረመረ። በአንዱ ፍሬ ውስጥ የተገኘው ሞናኮሊን ኬ 0.1 ሚሊግራም ነው፤ በሌላው ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ። መቶ እጥፍ ማለት ነው። ከ12ቱ በ4ቱ ደግሞ ሲትሪኒን የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ተገኘ። በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 በቀን ከ3 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት ብሎ ወሰነ።

“ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም” የሚሉትን እኔ ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር። ኮሶ እንዴት ይጠጣ እንደነበር ያጫወቱኝ እርስዎ ነዎት። ኮሶ የዛፍ አበባ ነው። ግን ምግብ ነው ብሎ እንዳሻው የጠጣው የለም። በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ መጠኑ ይታወቃል፣ የጠጣ ሰው ያን ቀን ቤት ይውላል፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከዛፍ መጣ ተብሎ አልተናቀም። ለዚህ ቀይ እንክብልም ያንኑ ጥንቃቄ ነው የምለምንዎ።

ሁለተኛው ብልቃጥ፣ ከሰው እጅ የገዙት የጉልበቱ፣ ከቀዩ ይልቅ ያስፈራኛል። በቀናት ውስጥ ጉልበቴን ለቀቀኝ ብለውኛል። ፋርማሲ ቆሜ ስውል እንዲህ የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ በሰማሁ ቁጥር ደስ አይለኝም። ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ነገር የቆየ የጉልበት ሕመም እንዲህ ቶሎ አያስለቅቅም። በ2022 ኤፍዲኤ ለመገጣጠሚያ በሚሸጡ አንዳንድ ማሟያዎች ውስጥ ብልቃጡ ላይ ያልተጻፉ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን የሚባሉ መድኃኒቶች እንዳገኘ አስጠንቅቋል። ዲክሎፌናክ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል። ዴክሳሜታዞን ሕመሙን ጸጥ ያደርጋል፤ ግን ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፊትንም ያሳብጣል። ለጥምቀት ጎረቤቱ ሁሉ “አባባ ፊታቸው ሞላ፣ ተስማማቸው” ሲል እኔ ዝም ብዬ ፊትዎን ሳይ ነበር።

የእርስዎ ብልቃጥ ውስጥ ይህ አለ አልልም። ሳይመረመር ማንም አያውቅም። እኛም አገር ምግብንም መድኃኒትንም የሚቆጣጠረው አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነው፤ በሻንጣና በእጅ የገባ ነገር ግን በእሱ በኩል አላለፈም።

አሁን የምለምንዎትን ልንገርዎ። ቀዩን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይተዉት። የሐኪሙን አቶርቫስታቲንና የግፊቱን ኪኒን ግን በምንም ምክንያት እንዳያቆሙ። የጉልበቱን ደግሞ ነገ ተነስተው እንዳይጥሉት። ዴክሳሜታዞን ካለበትና ሰውነት ከለመደው በድንገት ማቆሙ ራሱ አደገኛ ነው። እንዴት እንደሚቆም ሐኪሙ ይንገርዎ፤ ለዚህ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። በመሀል ጡንቻዎ ክፉኛ ካመመዎ ወይም ሽንትዎ ቡናማ ከሆነ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ደም ካዩ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።

ሲሄዱ የሚውጡትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይያዙ። ብልቃጦቹን፣ ኪኒኖቹን፣ እማዬ ጠዋት የምታፈላልዎትን የሽፈራው ቅጠል ሳይቀር። ሐኪሙ “ምን ይወስዳሉ?” ሲል ሰው የሚናገረው የታዘዘለትን ብቻ ነው፤ እርስዎ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ያውጡት። የጉበት፣ የኩላሊት፣ የጡንቻና የስኳር ምርመራ እንዲያዙልዎ ይጠይቁ። ወንድሜ አብሮዎ ይሄዳል፤ ተነጋግረናል። የብልቃጦቹንም ጀርባ በስልኩ አንስቶ ይላክልኝ።

ጉልበትዎ እንደሚያምዎ አውቃለሁ። ይቻሉት አልልዎትም። ለግፊትዎ የማይከፋ ማስታገሻና የጉልበት እንቅስቃሴ አለ፤ ሐኪሙን ስለሱም አብረው ይጠይቁልኝ።

ቀዩን ያመጣችልዎትን የአክስቴን ልጅ እንዳይቆጧት። እዚያ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ከቫይታሚን ጎን ተደርድሮ አይታ፣ ለእርስዎ ስታስብ ነው የገዛችው። አነጋግሬያታለሁ። በሚቀጥለው ስትመጣ የክንድ ግፊት መለኪያ ታመጣልዎታለች።

የምትወድዎ ልጅዎ