ቤት ከመከራየት በፊት የወንዙን ታሪክ መጠየቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ስዛወር ደላላው መጀመሪያ ያሳየኝ ቤት ደቻቱ ዳር ነበር። ኪራዩ ቅናሽ፣ ግቢው ሰፊ፣ ወንዙም አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ስለነበር ለመዋዋል ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያስቆሙኝ አንዲት የጎረቤት እናት ናቸው፤ መዳፋቸውን ከመስኮቱ በላይ ግድግዳው ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር» አሉኝ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ወንዙ ውሃውን የሚሰበስበው ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራሮች በመሆኑ፣ በከተማዋ ሰማይ ላይ ደመና አለመታየቱ ለዳር ነዋሪው ዋስትና አይሆነውም። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ መሠራቱ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ግንብ መኖሩ ብቻ ጥያቄውን አይዘጋውም።

ነገሩ የድሬዳዋ ብቻ አይደለም። በ2016 ክረምት በጎፋ የተናደው መሬት ለነፍስ አድን የሮጡትን ጭምር ቀብሯል፤ በ2017 ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በርካታ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ወደ አዲስ አገር ስንሄድ ስለ ኪራይ፣ ስለ ውሃና ስለ ትምህርት ቤት እንጠይቃለን እንጂ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ተዳፋቱና ስለ ግድግዳው ስንጥቅ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጎርፍ የደረሰባቸው ሰፈሮች ካርታ በየቀበሌው በግልጽ እንዲለጠፍ የሚመለከታቸውን አካላት እንድትጠይቁልን በአክብሮት እለምናለሁ።

ከድሬዳዋ