ኬሞ በደም ሥር ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሳንባ ካንሰር ያወጣችሁትን አነበብኩት፤ ጥሩ ነው። ግን ኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት ማከም) ማለት በደም ሥር የሚንጠባጠብ ብቻ አስመሰላችሁት። ዕጢ ዋናውን የአየር ቧንቧ ሲዘጋ ሰው ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጋደም ማለት ያቅተዋል፣ ከተዘጋው በታች አክታ እየተጠራቀመ የሳንባ ምች ይመላለስበታል። ለእንዲህ ያለው ሌላም መንገድ አለ እኮ! ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ቀጭን ብሮንኮስኮፕ (የአየር ቧንቧን ውስጡን ማያ ቱቦ) በአፍ ይገባል፤ ሐኪሙ ከቧንቧው ግድግዳ ጀርባ ያለውን ዕጢ በስክሪን እያየ፣ የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ (ዶፕለር) ደም ሥሮቹን እየሸሸ፣ በቀጭን መርፌ መድኃኒቱን እዚያው ዕጢው ውስጥ ይወጋል። ብዙውን ጊዜ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈቀደችው የቆየ መድኃኒት ነው። መጠኑ አነስ ስለሚል ማቅለሽለሹና የኩላሊት ጉዳቱ ይቀንሳል የሚል ተስፋ አለ።

ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። ሊያደማ ይችላል፣ ገና መደበኛ ሕክምናም አልሆነም፤ ትንፋሹ አሁኑኑ ሊቆረጥ ለደረሰ ሰው ደግሞ መርፌው እስኪሠራ ስለማይጠበቅ ሌዘር ወይም ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ይቀድማል። ቢሆንም ታማሚው «ለእኔስ ይሆናል?» ብሎ እንዲጠይቅ መጀመሪያ መኖሩን ይስማ። እስቲ በሚቀጥለው አንድ የሳንባ ሐኪም አነጋግሩልን።

አንባቢያችሁ