ጅራፍ ከማንሳታችን በፊት ዶሮ እናሰልጥን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰሞኑን ስለ ጋሪ ፈረሶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ባለጋሪዎቹ ጨካኞች ናቸው ይላል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ጋሪ ነድቻለሁ። ጭካኔ የለም አልልም። ግን ብዙው ዱላ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ ነው። ይህ የገባኝ ደግሞ ዘንድሮ ነው፤ ያስተማረችኝም አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት። አትሳቁብኝ።

ነገሩ በውሻዬ ጀመረ። አሁን የመጋዘን ጥበቃ ነኝ፤ ሌሊቱን አብሮኝ የሚያድር ውሻ አለ። ስጠራው አይመጣም። ሲመጣልኝ ደግሞ «እስካሁን የት ነበርክ!» ብዬ አንድ አቀምሰው ነበር። ደሴ የእንስሳት ሕክምና የምትማረው የእህቴ ልጅ ይህን አየችና «ጋሼ፣ ውሻውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ዶሮ ያሰልጥኑ» አለችኝ። የምታሾፍብኝ መሰለኝ።

ለካ የምሯን ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የታወቀው የሥነ ልቦና ምሁር የስኪነር ተማሪዎች። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. እንስሳት የሚያሰለጥን ድርጅት ከፈቱ። ሰው ማሽን ውስጥ ሳንቲም ከትቶ፣ የሰለጠነች ዶሮ ፒያኖ ስትነካ ያይ ነበር። ኬለር ከሞተ በኋላ ማሪያን ቦብ ቤይሊን አገባች፤ እሱም ቀድሞ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ዶልፊን የሚባለውን የባሕር እንስሳ ያሰለጥን የነበረ ሰው ነው። ሁለቱ የውሻ አሰልጣኞችን ሰብስበው ሲያስተምሩ የሚሰጧቸው ውሻ አልነበረም፤ ዶሮ ነው።

ለምን ዶሮ? ውሻ ይቅር ባይ ነው። ብትሳሳትበትም ፊትህን አይቶ፣ ሐሳብህን ገምቶ ያደርግልሃል። አንተም ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። ዶሮ ግን አትገምትልህም። ፈጣን ናት፤ ካስደነገጥካት አጥር ላይ ናት፤ ከጠገበች ጥላህ ትሄዳለች። ፈረስ ጋሪው ላይ ታስሯል፤ ብትመታው የት ይሄዳል?

ወጪ የለውም። ቀጭ የምትል ትንሽ ነገር ታስፈልጋለች፤ ክሊከር ይሏታል። እኔ ጫፉ የሚጫን እስክሪብቶ ያዝኩ። መጀመሪያ ቀጭ አደርጋለሁ፣ ወዲያው የተከካ በቆሎ እሰጣታለሁ። ደግሜ ቀጭ፣ በቆሎ። ድምፁ እህል ማለት መሆኑ ሲገባት ቀይ የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። በምንቃሯ ስትነካው ቀጭ። «ይቺን ነው የወደድኩልሽ» እንደማለት ነው። በቆሎው ትንሽ ቢዘገይ ግድ የለም። ድምፁ ከዘገየ ግን አለቀ።

እኔም ዘገየሁ። ገብስማዋ ክዳኑን ነክታ ቀና ካለች በኋላ ነው እጄ እስክሪብቶውን የሚጫነው። ከዚያ አንድ ቀን ክዳኑን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ፊቴ ቆማ አንገቷን ቀጥ አድርጋ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። «ደነዝ ናት» አልኩ። የእህቴ ልጅ በስልኳ ቀርጻ፣ ፍጥነቱን ቀንሳ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ የሚከፍሏት እኮ አንገቷን ስታቀና ነው።» እውነቷን ነው። ዶሮዋ ያስተማርኳትን ነበር የምታደርገው። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

በመሃል ጎረቤቴ በአጥር ቀዳዳ አይተውኝ ኖሮ፣ ገብስማ ዶሮ ፊት ተንበርክኬ ቀጭ ቀጭ ሳደርግ ጠንቋይ ዘንድ ሄጄ የታዘዝኩ መስሏቸዋል። ማታ ባለቤቴን ጠርተው «ምን ነክቶት ነው?» ብለው ጠየቋት። እስካሁንም ያመኑን አይመስለኝም።

እጄ ሲፈጥን ዶሮዋም ፈጠነች። ከቀዩ ጎን ሰማያዊ የሃይላንድ ክዳን ባስቀምጥም አልፋው ቀዩን ትነካለች። አንዳንዴ ግን ክዳኑን ትታ መጫር ትጀምራለች። ይሄ የኔ ጥፋት ብቻ አይደለም። ብሬላንዶችም እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ ዶሮዎቹ ጸጥ ብለው እንዲቆሙ ሲፈለግ መጫር እንዳስቸገራቸው ጽፈዋል። ብልሆች ነበሩና መጫሩን «ዳንስ» ብለው ለተመልካች አቀረቡት። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ይባላል እኛ ዘንድ፤ እነሱ ገንዘብ አወጡበት።

አሁን ወደ ፈረሱ ልመለስ። ድሮ የነበረኝ ቦራ ፈረስ ቦርከና ድልድይ ጋ ሲደርስ ይገትር ነበር። እኔ ጅራፌን አነሳለሁ። ፈረሱ ፈርቶ አንድ እግሩን ድልድዩ ላይ ያሳርፋል። በዚያች ቅጽበት ነው ጅራፉ ጀርባው ላይ የሚያርፈው፤ እጄ አንዴ ተነስቷላ! የተገረፈው ሲቆም አይደለም፣ ሲራመድ ነው። በማግስቱ ድልድዩ ሳይደርስ ገና ከሩቁ ቆመ። እኔም ጨመርኩለት። «እልኸኛ ፈረስ» ብዬ ሸጥኩት፤ የገዛውም ሰውዬ እንደኔው ሳያደርገው አልቀረም።

ስለዚህ አዘጋጁ ሆይ፣ ባለጋሪውን መውቀሱ ብቻ አይበቃም። ጋሪ ሊጀምር ያሰበ ልጅ ልጓም ከመያዙ በፊት ሁለት ሳምንት ከእናቱ ዶሮ ጋር ይቀመጥ። የሚያስፈልገው እፍኝ በቆሎና አንድ እስክሪብቶ ነው። እጁ ምን ያህል እንደሚዘገይ ዶሮዋ ትነግረዋለች። ጓደኛው በስልክ ቢቀርጸው ደግሞ የበለጠ ያያል። ይህንንም በጋዜጣችሁ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ውሻው አሁን ስጠራው ይመጣል። ቀጭ እለዋለሁ፣ ቁራሽ ዳቦ እሰጠዋለሁ። ግን እስከ ዛሬ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆም ይልና መጀመሪያ እጄን ያያል።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ