ለእናቴ እግር ለደረሳችሁላት ሁሉ

አልሐምዱሊላህ፣ እናታችን ተሽሏት ቤቷ ገብታለች። ቡናዋንም ራሷ ማፍላት ጀምራለች። በስልክም በአካልም ስትጠይቁን የከረማችሁ የጅማ ወዳጆቻችን፣ ነገሩ ምን እንደነበር ልንገራችሁ።

አስቀድሜ የማመሰግነው ለታናሽ እህቴ ሠርግ ሂና ልትቀባ የመጣችውን ልጅ ነው። ተራው የእናቴ ሲደርስ የግራ ተረከዟን ይዛ ዝም አለች። "እማማ፣ ይሄ ጥቁር ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?" ጠርዙ ወጣ ገባ ነበር፤ ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር። እናቴ "ጫማ ነክቶኝ ነው" አለች። ልጅቱ ግን "ለሐኪም ካልታየ አልቀባዎትም" ብላ ድርቅ አለች። ተባረኪ!

አንድ ክሊኒክ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት ሰጠን። ደግነቱ ቅባቱ ሳያልቅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄድን። የቆዳ ሐኪማችን እግሯን ብቻ አላዩም። መዳፏን፣ ጥፍሮቿን ሁሉ አገላብጠው አዩ። ንፍፊት እንዳለ ብለው ብሽሽቷንም ዳሰሱ። ከዚያ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሜላኖማ፣ የቆዳ ካንሰር ሆነ።

"ፀሐይ የማይነካው ውስጥ እግር ላይ እንዴት?" አልን። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው በአብዛኛው ነጮች ላይ ነው አሉን። ጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ቦብ ማርሌን የገደለውም ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነው። ሬጌ ወዳዱ ወንድሜ ይህን ሲሰማ እዚያው ካልሲውን አውልቆ ጥፍሮቹን መመርመር ጀመረ።

ወሳኙ ጥልቀቱ ነው፤ በሚሊሜትር ይለካል። የእናቴ ገና ስስ ስለነበር ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምረው ቆርጠው አወጡት። ክፍተቱን ከጭኗ በተወሰደ ቆዳ ሸፈኑት። ኬሞ አላስፈለጋትም። ክትትሉ ግን ይቀጥላል።

ሐኪሞቻችን፣ ቁስሏን እያጠባችሁ "እማማ፣ አይዞዎት" ስትሉ የነበራችሁ ነርሶች፣ እኛ ሆስፒታል ስንል የሠርጉን ድግስ የተረከባችሁልን የሰፈራችን ሴቶች፣ አላህ ይስጥልን።

ባጃጅ ነጂው ወንድማችን፣ አንተ ግን ሒሳብ አልቀበልም ማለትህ አልተዋጠልንም። እናቴ ብሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛልሃለች። መንገድ ላይ ካገኘችህ አታመልጣትም።